አሮጌ ፎቶግራፎችን በስካነር ስለ ማቆየት

በብዙ ቤት ውስጥ፥ በሣጥን ግርጌ ወይም በግድግዳ ላይ፥ የአያቶቻችን ፎቶግራፍ ይገኛል። ነገር ግን ፎቶግራፍን ብርሃንና እርጥበት ይጎዱታል፤ ይልቁንም ባለቀለሙ ከጥቁርና ነጩ ፈጥኖ ይደበዝዛል። መልኩ ሳይጠፋ ለማቆየት ከሚረዱን መሣሪያዎች አንዱ ስካነር ነው።

ስካነር ማለት በወረቀት ላይ ያለውን ሥዕል በብርሃን እያነበበ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ መሣሪያ ነው። በ1957 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ራስል ኪርሽ የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር በሠራው መሣሪያ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባው የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ ነበር። ሥዕሉም 176 በ176 ነጥብ ብቻ ነበረው።

ስካነር የሚገዛ ወይም የሚዋስ ሰው አስቀድሞ ዓይነቱን ይመልከት። ወረቀቱን እየሳበ የሚያስገባው ዓይነት አሮጌ ፎቶግራፍን ሊፍቅ ወይም ሊያጥፍ ይችላል። ስለዚህ ፎቶግራፉ በመስተዋት ላይ ተደፍቶ የሚነበብበት ጠፍጣፋው ይሻላል። ኔጋቲቭ ያለው ሰው ግን በክዳኑ ውስጥ መብራት ያለበትን ይምረጥ፤ ብርሃኑ በኔጋቲቩ ውስጥ ማለፍ አለበትና።

ሥራው ሲጀመር እጅን ታጥቦ ማድረቅ፥ መስተዋቱን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፥ ፎቶግራፉንም በጠርዙ መያዝ ያስፈልጋል። በክፈፉ መስተዋት ላይ የተጣበቀውን በግድ ማላቀቅ አይገባም፤ መልኩ ተልጦ ይቀራልና። ከነመስተዋቱ ማንበብ ይሻላል።

ቀጥሎ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበቡት ነጥቦች ይወሰናሉ። ፎቶግራፉን በልኩ መልሶ ለማተም 300 ይበቃል፤ እጥፍ አድርጎ ለማሳደግ 600 ያስፈልጋል። 4 በ6 ኢንች የሆነ ፎቶግራፍ በ600 ሲነበብ 2400 በ3600 ነጥብ ይሆናል። ለማስቀመጥ ቲፍ የተባለው የፋይል ዓይነት፥ ለዘመድ ለመላክ ደግሞ ጄፔግ ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን ስም ነው። በእኛ ቤት 4 ሰዎች የተነሡበት አንድ ፎቶግራፍ አለ። ስካነሩ የኮታቸውን ቁልፍ እንኳ አጥርቶ አሳየን። አያቴ የሦስቱን ስም ነገሩን፤ አራተኛውን የሚያውቁት ግን ታላቅ ወንድማቸው ነበሩ፥ እሳቸውም ዐርፈዋል። ያ ሰው እስከ ዛሬ ስም የለውም።

ስለዚህ የፎቶግራፉን ጀርባ ደግሞ አንብቡ፤ ጽሑፍ ወይም የፎቶግራፍ ቤቱ ማኅተም ሊኖርበት ይችላል። ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ይሁን የአውሮፓ ለዩ፤ በመካከላቸው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለ። ሥዕሉን ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ አስቀምጡ፤ ዋናውንም ፎቶግራፍ አትጣሉ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ስካነሩ እስኪገኝ ድረስ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ከአያቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ። መሣሪያው ለከርሞም ይገኛል።