ከውጭ ቁስል ባይታይም ሆድ ውስጥ ሊደማ ይችላል

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በወደብ ጆንያ የሚሸከሙ፣ በግንባታ ሥራ የሚውሉ፣ ከባልባላ መሐል ከተማ በሚኒባስ የሚመላለሱ ወገኖች አሉን። ወድቀው ወይም ተገጭተው ሲነሡ «ደም አልወጣኝም፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ይህ አነጋገር ሕይወት ሊያስከፍል ስለሚችል በዚህ እትም እናስረዳለን።

ከግራ ጎድን ሥር ጣፊያ፣ ከቀኝ ጎድን ሥር ጉበት ይገኛሉ። ሁለቱም ደም የበዛባቸው በመሆናቸው በኃይል ሲመቱ ቆዳ ሳይቀደድ ይሰነጠቃሉ። የአዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ወደ ሆድ ሊፈስ ይችላል።

የአደጋው ምልክቶች፦ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የሆድ መጠንከር ወይም መነፋት፣ የትከሻ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የፊት መገርጣት፣ ብርቱ ጥም፣ ማዞር፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ናቸው። ዐርፎ የተኛ አዋቂ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 በላይ ከሆነም ያሠጋል።

እስከ ሆስፒታል ድረስ ምን እናድርግ?

– በጀርባው አስተኝታችሁ ጉልበቱን እጠፉለት።
– ምግብም ውሃም አትስጡት፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላልና ከንፈሩን ብቻ አርጥቡለት።
– ወጌሻ ሆዱን አይሸው፤ መታሸት መድማቱን ያብሳል።
– የተሰካ ቢላዋ አትንቀሉ። አንጀት ከወጣ መልሳችሁ አታስገቡ፤ በንጹሕ ውሃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት።
– ሳትዘገዩ እንደ ፔልቲየር ጠቅላላ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ውሰዱት። ፈረንሳይኛ ወይም ሶማሊኛ የሚያውቅ ሰው አብሮ ሄዶ መቼና እንዴት እንደተጎዳ ያስረዳ።

ሐኪሞች ትንፋሹንና የደም ግፊቱን ይመረምራሉ፤ በደም ሥሩ ፈሳሽ ወይም ደም ይሰጡታል፤ በአልትራሳውንድ ሆዱን ያያሉ። ሆዱ ውስጥ ደም ታይቶ ግፊቱ ከወደቀ በቀዶ ሕክምና የሚደማውን ያቆማሉ፤ ጣፊያው ሊጠገን ካልቻለ ያወጡታል። ግፊቱ ካልወረደ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በክትትል ብቻ ይድናል። ስለዚህ «ተኝተህ ቆይ» መባል ችላ መባል አይደለም። ጣፊያ ከቀናት በኋላም ሊፈነዳ ስለሚችል ሐኪም ሳይፈቅድ አትውጡ።

ጣፊያው የወጣለት ሰው ሠርቶ መኖር ይችላል፤ ነገር ግን ክትባት ያስፈልገዋል። ወባና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ስለሚጠኑበት ትኩሳት በያዘው ዕለት ይታከም።

በመጨረሻም ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ደም ስትጠየቁ አትሽሹ። ጤነኛ ሰው የሰጠውን ደም ሰውነቱ ይተካዋል፤ የፈሰሰበት ግን የሚተካለት ወገን ይፈልጋል።