በቢሾፍቱ አካባቢ ስለ ከብት ሽንትና ስለ ፍግ ውኃ

አማርኛ ከከብት በረት የሚወጣውን ነገር በአንድ ስም ብቻ አይጠራውም። ትኩሱ እበት፣ በበረት ውስጥ ከሽንትና ከጉዝጓዝ ጋር ተረግጦ የተላወሰው አዛባ፣ ተጠፍጥፎ በፀሐይ የደረቀው ኩበት፣ በስብሶ ለዐፈር የሚሰጠው ፍግ ይባላል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተቀናቃኞች ናቸው፤ ለምድጃ የሄደው ለጓሮ አይመለስምና። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቢሾፍቱ ዙሪያ፣ ጤፍ በሚበቅልበትና ዛፍ በሳሳበት ሜዳ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ምድጃው ነው። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ያስጀመሩት የኮምፖስት ሥራ መልካም ምርት ማስገኘቱ የታወቀ ቢሆንም፣ እንጀራዋን በኩበት ለምትጋግር ሴት «ፍጉን ለዐፈር ስጪ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም።

ሽንቱ ግን ለማገዶ ስለማይሆን የሚሻማው የለም፤ በበረቱ ወለል ሰርጎ ይቀራል። ፎስፎረሱ በአብዛኛው በእበቱ ውስጥ ሲገኝ፣ ከናይትሮጅኑና ከፖታሲየሙ ብዙው ክፍል የሚወጣው በሽንት ነው። በጆንያ የሚገዛውና በ2014 ዓ.ም. ዋጋው እጅግ የናረው ዩሪያ ስሙን ያገኘው በዚሁ በሽንት ውስጥ ካለው ቅመም ነው።

ወለሉ ዘቅዘቅ ብሎ ትንሽ ቦይ ቢበጅለት፣ ሽንቱ በማድጋ ወይም በበርሜል ይጠራቀማል። አሞኒያው በንኖ እንዳይጠፋ አፉ መከደን አለበት፤ አመድም አይጨመርበትም፤ አመድ አሞኒያውን ያባርራልና። ከዚያ አንዱን እጅ በዐሥር እጅ ውኃ አቅጥኖ በጎመኑ ሥር ማፍሰስ ነው። መቅጠኛው የዝናብ ውኃ ቢሆን ይመረጣል፤ እንደ አረንጓዴ ሐይቅ ያለው ጨዋማ ውኃ ዐፈርን ይጎዳል።

ሌላው መንገድ የበሰለ ኮምፖስት በጆንያ ቋጥሮ አንድ ሁለት ቀን በውኃ መዘፍዘፍ ነው። የቅጠል በሽታን ይከላከላል የሚባለው ግን በሙከራ አንዴ ሲታይ አንዴ ሲታጣ የኖረ ነው። አንዳንዶች ስኳር ወይም ሞላሰስ ይጨምሩበታል፤ ይህ በደንብ ካልበሰለ ፍግ የመጣውን የሆድ በሽታ ተሕዋስ ሊያራባ ስለሚችል፣ ጥሬውን በሚበላ ሰላጣ ላይ መርጨት አይገባም።

ጊዜውም ይታሰብበታል። በክረምት የፈሰሰው ፍግ በጎርፍ ይታጠባል፤ ሆራንና ቢሾፍቱን የመሳሰሉት የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቆች ደግሞ መውጫ ወንዝ ስለሌላቸው የገባባቸው ሁሉ እዚያው ይከማቻል። ስለዚህ ጓሮው በመስኖ በሚጠጣበት በበጋ፣ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ይሻላል።