ሐኪም ያልሆነው ዳኛ

በ1979 እ.ኤ.አ. አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በሉኪሚያ ከማረፏ በፊት ባለ አሥር ማርሽ ብስክሌት ልትገዛበት ያጠራቀመችው ገንዘብ ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የካንሰር ምርምር እንዲውል ጠየቀች። ዛሬም የሚሠራው የሕፃናት ካንሰር ምርምር ፈንድ መነሻው ያ ገንዘብ ነው። እዚያው ሚኒሶታ፣ ዌስት ሴንት ፖል ተቀምጦ ለእንዲህ ያለ ድርጅት ሃያ ዶላር የሚያዋጣ ሐበሻ ግን ገንዘቡን ማን እንደሚያከፋፍለው እምብዛም አይጠይቅም። «አንድ ትልቅ ዶክተር ይወስናል» ይልና ያልፋል።

እንዲህ አይደለም። ተመራማሪው ያመለክታል፤ ባለሙያዎች አንብበው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ኮሚቴ ይከራከራል፤ የጥቅም ንክኪ ያለበት ገምጋሚ ከክርክሩ ይወጣል። በ1987 የተቋቋመው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር በጎ አድራጊዎች ማኅበር በገለልተኛ ባለሙያዎች የማያስገመግም ድርጅትን በአባልነት አይቀበልም።

ከዚህ ሁሉ ግን ትኩረት የተነፈገው ሌላ ወንበር አለ። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር የግምገማ ኮሚቴዎች ውስጥ ከሳይንቲስቶቹ ጎን «ባለድርሻ» የሚባል ሰው ይቀመጣል። የካንሰር ተመራማሪ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ራሱ የታመመ ወይም ታማሚ ያስታመመ ሰው ነው። ማመልከቻ ያነባል፣ ይጠይቃል፣ ነጥብም ይሰጣል። ይህን ሰው ለወግ የተቀመጠ ጌጥ አድርጎ የሚያይ ብዙ ነው። ትልቁ ስህተትም እዚህ ላይ ነው። ሳይንቲስቱ ሙከራው ይሠራ እንደሆነ ያውቃል፤ አራስ ልጅ ያላት እናት በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል መመላለስ ትችል እንደሆነ የሚጠይቀው ግን ያ ሰው ነው።

ለምሳሌ ከካንሰር ወጣ ብለን ምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ የተደረገውን ጥናት እንይ። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ እግርን ከማሳበጡም በላይ ድንገት እየተቆጣ ከነትኩሳቱ አልጋ ላይ ያውላል። በእንግሊዙ ዌልካም ትረስትና በሁለት የብሪታንያ መንግሥት ተቋማት ገንዘብ የተሠራው ሙከራ 696 ሰዎችን አሳተፈ። የተሰጣቸው እግር ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ነው። አዲስ ሞለኪውል የሚያሳድድ ገምጋሚ «ሳሙናና ውኃ ምን ምርምር አለው?» ሊል ይችላል። በ2018 የወጣው ውጤት ግን ሕክምናው ሳይጀመርላቸው ተራ በሚጠብቁት ላይ በአንድ ሰው በዓመት 23.9 ጊዜ የሚነሣው ሕመም፣ በታከሙት ላይ 19.4 ጊዜ መሆኑን አሳየ። ለባለ አዝመራ ገበሬ ይህ ልዩነት የሥራ ቀናት ነው። እግሩ ያበጠ ሰው ጠረጴዛው ዙሪያ ቢኖር ኖሮ ይህን ለማስረዳት ብዙ ባልደከመ ነበር።

ተመራማሪዎችም ከወቀሳ አያመልጡም። በማመልከቻው ውስጥ ለተራ አንባቢ የሚጻፈውን ገጽ በመጨረሻዋ ሌሊት ከሳይንሱ ማጠቃለያ ገልብጠው የሚለጥፉ አሉ። ያቺ ገጽ የምትነበብ አይመስላቸውም። ትነበባለች፤ ነጥብም ታስቀንሳለች።

ለጋሹም ቢሆን «ከመቶው ስንቱ ለአስተዳደር ይሄዳል?» ብሎ ብቻ ይቆማል። የሚጠየቅ ግን ሌላም አለ። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ሳይንሳቸው ተመስክሮላቸው ገንዘብ ያልደረሳቸውን ማመልከቻዎች «ፔይ ኢፍ» በሚል ስም ለይቶ ያስቀምጣል፤ ለጋሽ ከተገኘ ከእነዚህ አንዱ ይነሣል። ስለዚህ ቼክ የምትጽፉ ሁሉ፣ የትኞቹ ጥሩ ጥናቶች በገንዘብ እጦት እንደቀሩና ታማሚ በገምጋሚነት ተቀምጦ እንደሆነ ጠይቁ። ካንሰርን በራሳችሁ ወይም በቤታችሁ ያያችሁ የዌስት ሴንት ፖል ነዋሪዎች ደግሞ ለባለድርሻው ወንበር ራሳችሁ አመልክቱ።