ሙቀቱ የሚነሳው ከአንጎል ነው፤ መድኃኒቱስ?

በማረጥ ዕድሜ ድንገት ደረትንና ፊትን የሚወር ሙቀት በየቤቱ አለ፤ በስሙ የሚጠራው ግን ጥቂት ነው። አንዷ «ደም ብዛት ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «ብርድ መቶኝ ነው» ብላ ትተኛለች፣ ሦስተኛዋ የወባ ምርመራ ታደርጋለች። እኔም 50 ዓመት ካለፈኝ ወዲህ ሌሊት ጋቢውን ገፍፌ፣ ላቡ ሲደርቅ ደግሞ ብርዱ አንቀጥቅጦኝ መልሼ እየደረብኩ አድራለሁ። አሜሪካ ውስጥ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ በተደጋጋሚ የሚመጣ ሙቀት ግማሽ ያህሎቹን ሴቶች ከ7 ዓመት በላይ ያስቸግራቸዋል። «ቻዪው፣ ያልፋል» ለሚባል ነገር ይህ ረጅም ጊዜ ነው።

በቅርቡ አሜሪካ የምትኖረው ልጄ ደውላ፣ «እማዬ፣ ራስ ላይ የሚደረግ የኤሌክትሪክ ማከሚያ አለ አሉ፤ ልግዛልሽ?» አለችኝ። ለእናቶቻቸው እንዲህ የሚያስቡ ልጆች ብዙ ናቸውና ያጣራሁትን ላካፍላችሁ።

ሐሳቡ ከመሬት የተነሳ አይደለም። የሰውነታችንን ሙቀት የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ የአንጎል ክፍል ነው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ በዚያ ያሉ የተወሰኑ የነርቭ ሴሎች ልጓም ያጣሉ። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ናኦሚ ራንስ እነዚህ ሴሎች ባረጡ ሴቶች ላይ ገዝፈው አግኝተዋቸዋል። ያን ጊዜ ለሌላው ሰው የማይሰማ ትንሽ ሙቀት እንኳ አንጎልን «ሰውነት ተቃጠለ» ያሰኘዋል። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ላብ ይፈስሳል።

ታዲያ ያለ ቀዶ ጥገና አንጎልን ከውጭ መቀስቀስ አይቻልም? ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው በራስ ቅል ላይ በሚያዝ ጥቅል ሽቦ የማግኔት ኃይል መስጠት ነው። ይህ በአሜሪካ ለድብርት ሕክምና በ2008 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። ሁለተኛው በጨው ውኃ በራሰ ስፖንጅ አማካኝነት ከ1 እስከ 2 ሚሊ አምፔር የሚሆን ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ማሳለፍ ነው።

ችግሩ የቦታ ነው። ሁለቱም በዋናነት የሚነኩት የአንጎልን የላይኛውን ሽፋን ሲሆን፣ ሃይፖታላመስ ግን ከታች፣ ከሥር ተቀብሮ ይገኛል። ሊደርሱበት ቢችሉ እንኳ በተዘዋዋሪ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ በሙቀት ላይ በተደረጉ የመድኃኒት ጥናቶች ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን የወሰዱ ሴቶችም በግልጽ ተሽሏቸዋል። ስለዚህ «ጎረቤቴን አሽሏታል» ማስረጃ አይሆንም፤ እውነተኛው መሣሪያ ከተዘጋው መሣሪያ ጋር መወዳደር አለበት። የሰሜን አሜሪካ የማረጥ ማኅበር በ2023 ባወጣው፣ ከሆርሞን ውጭ ባሉ ሕክምናዎች ላይ ያተኮረ መመሪያ ውስጥም ይህ ዘዴ ከሚመከሩት መካከል የለም። የሚጥል በሽታ ላለባት ወይም ጭንቅላቷ ውስጥ ብረት ለተተከለላት ሴት ደግሞ የማግኔቱ ሕክምና አደጋ ሊሆን ይችላል።

የተረጋገጠው ሌላ ነው። ሆርሞን መተካት ከሁሉ የበለጠ ይሠራል፤ በተለይ ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆነ ጤነኛ ሴቶች። የጡት ካንሰር ለያዛቸውና ሆርሞን ለማይስማማቸው ደግሞ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች በአነስተኛ መጠን፣ እንዲሁም አስተሳሰብንና ልማድን በማስተካከል ላይ የተመሠረተ የሥነ ልቦና ሕክምና ይረዳሉ። እነዚያኑ የአንጎል ሴሎች የሚያረጋጋ ፌዞሊኔታንት የተባለ ክኒንም በአሜሪካ በ2023 ተፈቅዷል፤ የጉበት ምርመራ ግን ይጠይቃል። አንጎልን ማከም ይቻላል ማለት ነው፤ ለጊዜው ግን መንገዱ ክኒኑ እንጂ ሽቦው አይደለም።

ለልጄ «መሣሪያው ይቅር፣ የሐኪሙን ክፈይልኝ» አልኳት። የሌሊት ላብ ሁሉ ከማረጥ አይመጣምና ከላቡ ጋር ሳል፣ ትኩሳት ወይም የክብደት መቀነስ ካለ ቲቢ እንዳይሆን መመርመር ያስፈልጋል።

አባቶችና ልጆች ሆይ፣ እናት በብርድ መስኮት ስትከፍት «ምን ሆነሽ ነው?» ብላችሁ አትቆጡ። እናንተ ጋቢ ደርቡ፣ መስኮቱን ለእሷ ተዉላት።