በተራራ ላይ ስለሚያድር ቤተ ሰብና ስለ ራስ ምታት

በትምህርት ዕረፍት ጊዜ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድና በዚያም በጎጆ ቤት ጥቂት ሌሊት ለማደር የሚያስቡ መምህራንና ሌሎችም የእንጅባራ ሰዎች ስላሉ፣ ለጕዞው ስለሚያስፈልገው የጤና ዝግጅት በዚህ ወር ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. የተከለለ፣ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ዋልያንና ጭላዳን በገዛ አገራቸው ለማየት የሚደክም ሰው ድካሙ ከንቱ አይሆንበትም። ይሁን እንጂ ዘንገና ሐይቅ ዳር ውሎ ማታ ወደ ቤት መመለስና በተራራ ላይ ማደር አንድ አይደለም። ሰውን የሚጎዳው ሌሊቱ ነው፤ ጉዳቱም የሚጀምረው በራስ ምታት ነው። ይህም የራስ ምታት ከሦስት ልዩ ልዩ ምክንያቶች ሊመጣ ስለሚችል፣ ወላጅ የሆነ ሁሉ ለይቶ ሊያውቀው ይገባል።

የመጀመሪያው ከከፍታ የሚመጣው ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፣ ደባርቅ 2,800 ያህል፣ ሳንቃበር 3,200 ያህል፣ ጨነቅ ደግሞ 3,600 ያህል ከፍ ብለው ይገኛሉ። «እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ ምን ያደርገናል?» የሚል አይታጣም፤ እውነትም ከቆላ ከሚመጣው ሰው ይልቅ ይሻለናል፣ ነገር ግን ፈጽሞ አይነካንም ማለት አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት በጎንደር፣ ሁለተኛውን በደባርቅ፣ ሦስተኛውን በሳንቃበር ማደር ይበጃል፤ ጨነቅ የሚደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ራሱን ያመመው ሰው ሕመሙ ሳይለቀው ወደ ላይ አይውጣ። ማስታወክ ከበዛበት፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ከዚህ የሚበልጥ መድኀኒት የለውም። ሕፃን ራሴን አመመኝ ብሎ አይናገርም፤ ይነጫነጫል፣ ምግብ እንቢ ይላል፣ እንቅልፍም ያጣል። ነፍሰ ጡሮችና የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

ሁለተኛውና እጅግ የምንፈራው ከከሰል የሚመጣው ነው። በታኅሣሥና በጥር የተራራው ሌሊት ውኃ እስኪረጋ ድረስ ይበርዳል። የአዊ ሰው ደግሞ ከሰል አያጣም፤ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ከዲከረንስ ዛፍ የሚከስለው ከሰል ለብዙ ዓመታት በጭነት መኪና እስከ አዲስ አበባ ሲጓዝ ኖሯል። ስለዚህ ስንቅ ሲሰናዳ ማንደጃና ከሰል አብሮ ቢጫን አያስገርምም። ከሰሉ በደጅ ተቀጣጥሎ ጢሱ ካለቀና ቀይ ፍም ከሆነ በኋላ ወደ ቤት ቢገባ አይጎዳም የሚል እምነት በብዙ ሰው ዘንድ አለ፤ ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። ጢስ ዓይንን ያቃጥላል፣ ያስላልም። ገዳዩ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አየር ነው፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ከቀዩም ፍም ይወጣል። ኦክስጅንን ተሸክሞ በሚዞረው የደም ክፍል ላይ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኀይል ይጣበቃል። በተራራ ላይ ኦክስጅን አስቀድሞ ስለሚሳሳ ጉዳቱ ይፈጥናል፤ የተኛውም ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

በውጭ አገር በተማርንበት ስፍራ ይህን አየር በጩኸት የሚያስታውቅ ትንሽ መሣሪያ በየቤቱ ተሰቅሎ አይተናል፤ በጎጆው ውስጥ ግን የሚያስታውቀው የሰው ራስ ብቻ ነው። በአንድ ክፍል ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸው፣ ቢያጥወለውላቸውና ጕልበታቸው ቢከዳቸው፣ ከፍታው ይሆናል እያላችሁ አትመራመሩ። በሩን ክፈቱ፤ ሰዉን ሁሉ ወደ ደጅ አውጡ፤ ከዚያም የደከመውን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ወተት ለማጠጣት መቸኮል ልማድ ሆኗል፤ ራሱን የሳተ ሰው ግን ያንቀዋል እንጂ አይጠቅመውም።

እንግዲህ ማንደጃው በደጅ ይቅር። ለየሰዉ ጋቢና ቡልኮ ያዙ፤ ትኩስ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር ሥር ማድረግ ሌሊቱን ያሞቃል፤ ልጆችም ተቃቅፈው ይተኙ። አረቄ ያሞቃል የሚሉት፣ ቆዳን ለጊዜው አሙቆ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣ ስለ ሆነ፣ ለዚህ ስፍራ አይሆንም። የሚጠጣው ውኃ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፤ በጨነቅ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ያህል ነውና። በዚህም ምክንያት ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስሉም፤ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ይሻላሉ።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገዱ ሁልጊዜ የሚያስተማምን ስላልሆነ፣ ቀን ከመቁረጥ በፊት የመንገዱንና የማደሪያውን ነገር ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጣሩ።

ሦስተኛው ራስ ምታት የሚመጣው ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ነው። በመንገድ ባሕር ዳር ያደረ ቤተ ሰብ ሊገባ የሚችለው የወባ አገር ነው፤ በተለይም ከመስከረም እስከ ኅዳር ትንኙ ይበዛል። እንጅባራ ያደገ ልጅ ወባን የመቋቋም ልማድ በደሙ ውስጥ ስለሌለው በበሽታው በብርቱ ይያዛል። ስለዚህ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ። ወባ ከተነደፉ ከ7 ቀን በፊት አይታይም፤ ብዙ ጊዜም በሁለተኛው ሳምንት፣ አንዳንዱ ዐይነትም ከወራት በኋላ ይነሣል። ያን ጊዜ ልጁ ብርድ ብርድ ቢለውና ራሱን ቢያመው፣ የተራራው ብርድ ነው ብላችሁ በቤት አታቆዩት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱትና «ባሕር ዳር አድረን ነበር» ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።