ቀለሙ ሲቀየር ጥፋተኛው ማነው?

በአንድ መጽሔት ሽፋን ላይ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ይታተማል እንበል። በተለመደው ባለ አራት ቀለም ኦፍሴት ማሽን ውስጥ አረንጓዴ ቀለም የለም፤ ቀይም የለም። ያሉት ሲያን የሚባለው ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ናቸው። አረንጓዴው ከሲያንና ከቢጫ፣ ቀዩ ከማጀንታና ከቢጫ ይገኛል። የመሐሉ ቢጫ ብቻ ለብቻው ይታተማል።

አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ደንበኛው «ቀለሙን አስተካክሉልኝ» ይላል። የትኛውን? ሲያኑ በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ቢጫው አንሶም ሊሆን ይችላል። ልምድ ያለው ኦፕሬተር አረንጓዴው ላይ አያፈጥም፤ ዓይኑን ወደ ቀዩ ይመልሳል። ቀዩም አብሮ ወደ ሮዝ ከሄደ ያነሰው ቢጫው ነው፤ በሁለቱም ውስጥ አለና። ቀዩ እንደነበረ ከሆነ ግን የበዛው ሲያኑ ነው።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቢጫው ለምን አነሰ? ማሽኑ ላይ የየቀለሙን መጠን የሚጨምሩና የሚቀንሱ ቁልፎች ስላሉ እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ እነሱ ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ በውሃው፣ በጎማው፣ በወረቀቱ ወይም በመብራቱ ነው። እንዲህ ሲሆን ቁልፍ ማዞር ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

ኦፍሴት የሚሠራው ዘይትና ውሃ ስለማይዋሃዱ ነው። አሎይስ ዜነፌልደር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1796 ገደማ ሙኒክ ውስጥ በድንጋይ ላይ በዚሁ ዘዴ ማተም ጀመረ። በ1904 ደግሞ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ የማተሚያ ቤት ባለቤት የነበረው አይራ ሩቤል አንድ ነገር አስተዋለ። ወረቀት ሳይገባ ማሽኑ ሲዞር ምስሉ በጎማ የተሸፈነው ሲሊንደር ላይ ያርፋል፤ ከጎማው ተመልሶ በሚቀጥለው ወረቀት ጀርባ ላይ የሚታተመውም በቀጥታ ከታተመው ይልቅ ጥርት ያለ ነበር። ዛሬም ምስሉ ከአሉሚኒየም ፕሌት ተነስቶ ብላንኬት ወደሚባለው ጎማ፣ ከዚያም ወደ ወረቀት ይተላለፋል። የፕሌቱ ምስል ያለበት ክፍል ቀለም ይቀበላል፤ ባዶው ክፍል ውሃ ይዞ ቀለሙን ይገፋል።

መላ ለማሳጣት ውሃውን የሚያህል የለም። ሲበዛ ከቀለሙ ጋር ስለሚቀላቀል ህትመቱ ይገረጣል፤ ሲያንስ ነጭ መሆን የነበረበት ቦታ ጭጋግ የመሰለ ቀለም ይይዛል። ህትመቱ የገረጣበት ኦፕሬተር ቀለም ይጨምራል። ባዶው ቦታ መቆሸሽ ሲጀምር ውሃ ይጨምራል። እንደገና ሲገረጣ እንደገና ቀለም። እንዲህ እያለ ሁለቱም ከልክ ያልፋሉ፤ የታተመው አልደርቅ ብሎ ከላዩ የተደረበውን ወረቀት ጀርባ ያቆሽሻል። መውጫው ሁለቱንም መቀነስ ነው፤ ውሃውን ቆሻሻ መታየት እስከሚጀምርበት ድረስ ማውረድ፣ ከዚያ ጥቂት ከፍ ማድረግ። የውሃው አሲድነትም ይለካል። ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ፒኤች ከ4.8 እስከ 5.5 ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ቀለሙ ለመድረቅ ይዘገያል።

ጎማው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የታተመ ፎቶግራፍ በማጉያ መነጽር ሲታይ የነጥቦች ስብስብ ነው። ነጥቡ ከፕሌት ወደ ጎማ፣ ከጎማ ወደ ወረቀት ሲጫን ያብጣል፤ ባለሙያዎች ዶት ጌይን ይሉታል። ኮምፒውተሩ ላይ የገጹን 50 በመቶ እንዲሸፍን የታዘዘ የነጥብ ድርድር ወረቀቱ ላይ 65 በመቶና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚጠበቅ ስለሆነ ፕሌቱ ሲሠራ አስቀድሞ ይታሰብበታል። ብላንኬቱ ሲያረጅ ወይም ግፊቱ ሲበዛ ግን እብጠቱ ከተሰላው ያልፋል። የሰው ፊት ላይ ያለው ጥላ ይደፈናል፤ ጠይም ገጽታ ሲያኑ ሲያብጥ አመድ ይመስላል፤ ማጀንታው ሲያብጥ ይቀላል።

ምክንያቱን የሚለየው በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የሚታተመውና በኋላ ተቆርጦ የሚጣለው የቀለም መለኪያ መስመር ነው። እዚያ ላይ ሙሉ በሙሉ በቀለም የተሸፈኑ ትንንሽ ሳጥኖችና የ50 በመቶ ሳጥኖች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ዴንሲቶሜትር በሚባለው የቀለም ጥልቀት መለኪያ ሲለካ ሙሉው ሳጥን ደህና ሆኖ የ50 በመቶው ከጠቆረ፣ የቀለሙ መጠን ትክክል ነው፤ መታየት ያለበት ግፊቱና ጎማው ነው። ሁለቱም አብረው ከወረዱና ውሃው ልኩን የያዘ ከሆነ ቁልፉን መንካት ይቻላል። ክብ መሆን የነበረበት ነጥብ በማሽኑ አቅጣጫ ተስቦ እንቁላል ከመሰለ አንድ ቦታ ላይ መንሸራተት አለ። ከጎኑ ፈዘዝ ያለ ጥላ ካበጀ ምስሉ ሁለት ጊዜ እያረፈ ነው።

መሐሉ ጠቆር ብሎ ዙሪያው ነጭ ቀለበት የሆነ ነቁጥም አለ። በተከታታይ ወረቀቶች ላይ አንድ ቦታ ከተደጋገመ ፕሌቱ ወይም ብላንኬቱ ላይ የደረቀ የቀለም ቅርፊት ተጣብቋል። በየወረቀቱ ቦታ ከቀያየረ ግን ወረቀቱ አቧራ ወይም ጭረት እየጣለ ሊሆን ይችላል።

ወረቀት እርጥበት ይስባል፤ ይለቃልም። ለማተሚያ ክፍል 50 በመቶ አካባቢ የሆነ የአየር እርጥበት ይመረጣል። በክረምት ማሸጊያው የተከፈተ ወረቀት ጠርዙ እርጥበት ስቦ ይሞገዳል፤ በበጋ ጠርዙ ደርቆ ይኮማተርና መሐሉ ይነፋል። እንዲህ ሲሆን አራቱ ቀለሞች በትክክል አይደራረቡም፤ የፊደሉ ዳር ላይ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ጥላ ብቅ ይላል። ይህን የትኛውም የቀለም ቁልፍ አያቃናውም። የሚሻለው ወረቀቱ እንደታሸገ የክፍሉን ሙቀት እስኪላመድ ማቆየት ነው። የሚያብረቀርቀው የሽፋን ወረቀት ቀለሙን ገጹ ላይ ያቆየዋል፤ የውስጡ ወረቀት ግን ይመጠዋል። ስለዚህ አንድ ፎቶ ሽፋኑ ላይ ደምቆ ውስጥ ቢፈዝ የኦፕሬተሩ ጥፋት ነው ማለት አይደለም።

ደንበኛና ማተሚያ ቤት የሚጣሉበት ሌላው ምክንያት መብራት ነው። ናሙናው ወደ ቢጫ በሚያደላ የቤት አምፖል ሥር ታይቶ ህትመቱ መስኮት አጠገብ ቢታይ፣ አንድ የነበሩት ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ። ሙያው የተስማማበት 5000 ኬልቪን የሆነ ነጭ ብርሃን ነው። ትኩስ ህትመት ሲደርቅ ፈዘዝ ስለሚል፣ የደረቀ ናሙናን ካልደረቀ ወረቀት ጋር ማስተያየትም ያሳስታል።

«ደህና ነው» የሚለውን ቃል ወደ ቁጥር ለመለወጥ አይኤስኦ 12647-2 የሚባል ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ። የሁለት ቀለሞች ልዩነት ዴልታ ኢ በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ 1 አካባቢ ሲሆን የሠለጠነ ዓይን እንኳ በጭንቅ ይለየዋል። መስፈርቱ ለሙሉ ቀለሞች እስከ 5 ይፈቅዳል። በሌላ የሙያ ልማድ 50 በመቶ ሲያን፣ 40 በመቶ ማጀንታና 40 በመቶ ቢጫ ሲደራረቡ ግራጫ መስጠት አለባቸው። ግራጫው ወደ ሮዝ ካዘነበለ ማጀንታው ከሌሎቹ በልጧል ማለት ነው።

ችግር ሲፈለግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነካል። ቁልፍ ዞሮ ውጤቱ እስኪታይ ብዙ ወረቀት ስለሚያልፍ፣ ሳይጠብቅ ደግሞ የሚያዞር ሰው የትኛው እንደሠራ አያውቅም። አዳዲስ ማሽኖች የመለኪያ መስመሩን በካሜራ ወይም በስፔክትሮፎቶሜትር እያነበቡ ቁልፉን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ጊዜም ወረቀትም ያተርፋሉ። እነሱም ቢሆኑ በዚህ መንገድ የሚያዙት የቀለሙን መጠን ነው። ውሃ በበዛበት ማሽን ላይ የወረደውን ቁጥር ለመመለስ ቀለም ይጨምራሉ፤ ውሃውን መርምሮ ቀድሞ ማውረድ አሁንም የኦፕሬተሩ ሥራ ነው።