በብርድና በከፍታ ሲሠሩ ጡንቻ ለምን ቶሎ ይዝላል?

«ዶክተር፣ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ደም አንሶኝ ይሆን?» ደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልጋል። በደባርቅና በዳባት አካባቢ ግን በቅሎ ለሚነዳ፣ ጭነት ለሚሸከም ወይም ለቱሪስት ምግብ ለሚያበስል ሰው ሌላም ጥያቄ አለ፦ የሚሠሩት የት ነው?

ደባርቅ ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያሉት ግጭና ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ይደርሳሉ። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ኦክስጅን ያጠረው ጡንቻ የስኳር ስንቁን ቶሎ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ቶሎ ይዝላል። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ቢለምደውም ልማዱ ገደብ አለው።

ብርዱም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። የቀዘቀዘ ጡንቻ ቀስ ብሎ ስለሚኮማተር ያንኑ ጭነት ለማንሳት የበለጠ ይደክማል። መንቀጥቀጥም ለጡንቻ ሥራ ነው፤ በስስ ጋቢ ሲንቀጠቀጥ ያደረ ሰው ጠዋት የሚነሣው ደክሞ ነው። ለጫኞች ድንኳንና በቂ ብርድ ልብስ ማቅረብ በእኔ እምነት የአሠሪው ችሮታ ሳይሆን ግዴታው ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ውሃን ነው። ብርድ ጥማትን ያደበዝዛል፤ ደረቁ አየር ግን በትንፋሽ ውሃ ይወስዳል። ሽንትዎ ደማቅ ቢጫ ከሆነ ውሃ አንሶዎታል። አረቄ ቆዳን ሞቅ ያደርጋል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል። በውሃ የተበጠበጠ በሶ ይሻላል። በላብ የራሰ ልብስም ካምፕ እንደደረሱ ይቀየር።

ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ሁመራ ለሚወርዱት ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ ላብ ውሃና ጨው ይዞ ሲወጣ ጡንቻ ይሸማቀቃል። ከቆላ ተመልሶ ድካምና ትኩሳት ያለበት ሰው ግን በመጀመሪያ የወባ ምርመራ ያድርግ።

ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ የጡንቻ መጎዳት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከሳምንት ዕረፍት በኋላ የማይለቅ ድካምም ይታይ። ተራራ ላይ ያለ ባልደረባዎ ራስ ምታቱ ከጠና፣ ካስታወከ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው «ይተኛና ይሻለዋል» አይበሉ። ሌሊትም ቢሆን ሰው አብሮት ሆኖ ወዲያውኑ ወደ ታች ይውረድ።